በፕሮፔን የሚሠራ ፎርክሊፍት፦ ነዳጁ ከሲሊንደር እስከ ሞተር እንዴት እንደሚሄድ፣ ሲሊንደር አቀያየርና ብልሽት አፈላለግ

«ሲሊንደሩን አሁን ነው የቀየርኩት፤ ሙሉ ነው። ታዲያ ሞተሩ ለምን ይጠፋብኛል?» በአሜሪካ መጋዘኖች ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዱ ወገኖች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ ይህ ነው። ብዙዎቹ የሚደውሉት ሌሊት ፈረቃ ላይ፣ መካኒክ በሌለበት ሰዓት ነው። መልሱ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፍኩት።

አንድ ነገር በደንብ ከያዙ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይመጣል። ፕሮፔን ከፎርክሊፍት ሲሊንደር የሚወጣው ፈሳሽ ሆኖ ነው፤ ሞተሩ የሚያቃጥለው ግን ጋዝ ሆኖ ነው። ፈሳሹ ወደ ጋዝ መለወጥ ያለበት በአንድ ቦታ ብቻ፣ በሬጉሌተሩ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ከተነነ ወይም ሬጉሌተሩን አልፎ ሳይተን ከቀረ ሞተሩ ይደክማል፣ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል። ስለዚህ ብልሽት ሲፈልጉ መጀመሪያ ራስዎን የሚጠይቁት «ፈሳሹ ጋዝ የሆነው የት ላይ ነው?» ብለው ነው።

መመሪያው ለማን ነው?

ከክፍል 1 እስከ ክፍል 5 ያለው ለሹፌር ነው። ክፍል 6 ለመካኒክ ብቻ ነው፤ ሹፌሩ ቢያነበው ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል፣ ነገር ግን መፍቻ አንስቶ ሬጉሌተር እንዲከፍት አይደለም። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና አስተዳደር (ኦሻ) ደንብ ቁጥር 1910.178 መሠረት ፎርክሊፍት የሚነዳው ሥልጠና ወስዶ የተፈተነ ሰው ብቻ ነው፤ ብቃቱም ቢያንስ በየ3 ዓመቱ እንደገና ይገመገማል። ነዳጅ መሙላት ከሥልጠናው ርዕሶች አንዱ ነው። ማንም ሳያሳይዎት «ሂድና ሲሊንደር ቀይር» ከተባሉ፣ እንዲያሳዩዎት የመጠየቅ መብት አለዎት። ይጠይቁ።

ክፍል 1፦ የነዳጁ መንገድ

ፕሮፔን በተራ የአየር ግፊት ከዜሮ በታች በ42 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል። ማለትም ክፍት ቦታ ላይ ቢፈስስ በክረምትም ቢሆን ወዲያው ይተናል። በሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው ታምቆ ስለተዘጋበት ነው። የሲሊንደሩ ግፊት የሚወሰነው በሙቀት ነው፦ በ20 ዲግሪ ወደ 7.4 ባር፣ በ40 ዲግሪ ወደ 12.7 ባር ይደርሳል፤ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ደግሞ ወደ 1.4 ባር ይወርዳል። ውስጡ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግማሽም ይሁን ሩብ ግፊቱ ያው ነው። በዚህ ምክንያት የግፊት መለኪያ ስንት ነዳጅ እንደቀረ አይነግርዎትም።

አሁን መንገዱን ከሲሊንደር ጀምረው ይከተሉ፦

1. ሲሊንደር። በአሜሪካ የተለመደው የፎርክሊፍት ሲሊንደር 33.5 ፓውንድ፣ ማለትም 15 ኪሎግራም ገደማ ፕሮፔን ይይዛል። ከነብረቱ ክብደቱ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። የሚሞላው እስከ 80 በመቶ ብቻ ነው፤ ፈሳሹ ሲሞቅ ስለሚስፋፋ ለመስፋፊያ ባዶ ቦታ መቅረት አለበት። ሲሊንደሩ በጎኑ ሲተኛ ከውስጥ ያለው ቀጭን ቱቦ እስከ ታችኛው ወለል ይደርሳል፤ ፈሳሹን የሚስበውም እሱ ነው። የደኅንነት መተንፈሻ ቫልቩ በአንጻሩ ከላይ በኩል፣ ጋዙ ባለበት ቦታ መሆን አለበት።

2. ማገናኛና ቱቦ። ማገናኛው በሁለቱም ወገን ራሱን የሚዘጋ ቫልቭ አለው፤ ሲፈታ ጥቂት ነጭ ትነት «ጭስ» ብሎ ይወጣና ይዘጋል። በሲሊንደሩ በኩል ደግሞ ቱቦ ቢበጠስ ጋዙ ሁሉ ወጥቶ እንዳያልቅ ፍሰቱ ከመጠን ሲያልፍ የሚዘጋ መከላከያ ቫልቭ አለ። ይህን ቫልቭ ያስታውሱት፤ ከታች ተመልሰን እንመጣበታለን።

3. ፊልትሮና መዝጊያ ቫልቭ። ፊልትሮው ቆሻሻ ይይዛል። መዝጊያው ሞተሩ ሲቆም ነዳጁን ይቆርጣል። በአንዳንዱ ፎርክሊፍት የሚከፍተው የሞተሩ የመሳብ ኃይል ነው፣ በሌላው የ12 ቮልት ኤሌክትሪክ ነው። እስከዚህ ድረስ ነዳጁ ፈሳሽ ነው።

4. ሬጉሌተር። ዋናው ቦታ ይህ ነው። ፈሳሹ ግፊቱ ዝቅ ወዳለበት ክፍል ሲገባ ይተናል፤ ሲተንም ሙቀት ይስባል። እጅዎ ላይ አልኮል ሲደርቅ የሚሰማዎት ቅዝቃዜ ተመሳሳይ ነገር ነው። አንድ ኪሎግራም ፕሮፔን ለመትነን ከ350 እስከ 430 ኪሎጁል ሙቀት ይፈልጋል፤ ይህ ትንሽ አይደለም። ሙቀቱ የሚመጣው ከራሱ ከሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ ነው፤ ሁለት ቱቦዎች የሞቀውን ውሃ በሬጉሌተሩ ውስጥ ያዞሩታል። ጋዙ ከዚያ በሁለት ደረጃ ይቀንሳል፤ በመጀመሪያው ከአየር ግፊት ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በሁለተኛው ደግሞ ከአየር ግፊት በትንሹ ዝቅ ብሎ። በዚህ ዓይነቱ ሬጉሌተር ሞተሩ ካልሳበ ጋዙ አይወጣም።

5. ማደባለቂያ። እንደ ካርቡራተር ሆኖ ጋዙን ከአየር ጋር ያደባልቃል። ለአንድ ኪሎግራም ፕሮፔን 15.6 ኪሎግራም ያህል አየር ያስፈልጋል። አዳዲስ ሞተሮች በማርሚታው መስመር ላይ የኦክስጅን መለኪያ አላቸው፤ ድብልቁን የሚያስተካክለውም ኮምፒውተሩ ነው።

ፕሮፔን ወደ ሞተሩ ሲሊንደር (ፒስተኑ ወደሚንቀሳቀስበት ክፍል) የሚደርሰው ደረቅ ጋዝ ሆኖ ስለሆነ እንደ ቤንዚን ዘይቱን ከግድግዳው አያጥብም፤ የሞተር ዘይቱ ረዘም ላለ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ዘይቱ ግን ንጹሕ ስለመሰለ የመቀየሪያ ጊዜውን አያሳልፉ።

ክፍል 2፦ የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ቅዝቃዜን የሚከላከል ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር። ፈሳሽ ፕሮፔን ቆዳን በቅጽበት ያቆስላል፤ ዓይን ላይ ከረጨ ጉዳቱ የማይመለስ ሊሆን ይችላል።
- ለፎርክሊፍት የተሠራ፣ ፈሳሽ የሚያወጣ ሲሊንደር። የባርቤኪው ወይም የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር አይሆንም፤ የሚያወጣው ፈሳሽ ሳይሆን ጋዝ ነው። በብዙ አገሮች የማብሰያ ጋዝ የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ነው፤ ቡቴን ደግሞ የሚተነው ከዜሮ ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ስለሆነ በብርድ ሞተሩን ያስቸግራል። በአሜሪካ ለሞተር የሚሸጠው ደረጃ ኤች ዲ 5 ይባላል፤ ቢያንስ 90 በመቶው ፕሮፔን ነው።
- የማገናኛው መለዋወጫ የጎማ ቀለበት (ኦሪንግ)።
- የሳሙና ውሃ በመርጫ ጠርሙስ። አሞኒያ ወይም ክሎሪን ያለበት የጽዳት ሳሙና አይጠቀሙ፤ የናስ ክፍሎችን ቀስ በቀስ ይሰነጥቃል።
- ተቀጣጣይ ጋዝ ባለበት ቦታ እንዲሠራ የተፈቀደ የእጅ ባትሪ።
- ንጹሕ ጨርቅ።

መፍቻ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የሲሊንደሩ ማገናኛ በእጅ ብቻ የሚጠብቅ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ፕሮፔን ከአየር 1.5 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ሲፈስስ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለሉን ይዞ ወደ ጉድጓድ፣ ወደ ፍሳሽ ማስወገጃ፣ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። በአየር ውስጥ ከ2.1 እስከ 9.5 በመቶ ሲሆን ይቀጣጠላል። ሲሊንደር የሚቀየረው አየር በሚዘዋወርበት፣ ከብየዳ፣ ከማሞቂያ፣ ከሲጋራና ከወለል ጉድጓድ በራቀ ቦታ ነው። ፕሮፔን ራሱ ሽታ የለውም፤ የሚሸትተው የበሰበሰ ዕንቁላል ጠረን የተጨመረበት ነው። የሲሊንደሩን ሥራ ስልክ እያወሩ አይጀምሩት።

ክፍል 3፦ ሲሊንደር አቀያየር

1. ፎርክሊፍቱን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፣ ሹካውን ወለል ላይ ያውርዱ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ። ሲሊንደሩን ሲያነሱ ማሽኑ እንዳይንሸራተት ነው።

2. ሞተሩ እየሠራ ሳለ የሲሊንደሩን ቫልቭ ይዝጉና ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ይጠብቁ። በቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሁሉ ይቃጠላል። ይህን የዘለለ ሰው ማገናኛውን ሲፈታ በቱቦው ውስጥ የቀረ ፈሳሽ እጁ ላይ ይረጫል።

3. ቁልፉን ያጥፉ። ካላጠፉት የኤሌክትሪክ መዝጊያው ክፍት ሊቆይ ይችላል፤ ማጥፋቱ የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ ሊፈጠር የሚችልበትንም መንገድ ይቀንሳል።

4. ጓንትና መነጽር ያድርጉ፣ ማገናኛውን በእጅ ቀስ ብለው ይፍቱ። አጭር «ጭስ» የተለመደ ነው። ድምፁ ካላቋረጠ መልሰው ያጥብቁ፣ ቫልቩ በሚገባ መዘጋቱን ይመልከቱ፣ ካላቆመ ሥራውን አቁመው ኃላፊ ይጥሩ።

5. የሲሊንደሩን ማሰሪያ ይፍቱና ከወገብዎ ሳይሆን ከጉልበትዎ ተነሥተው ያንሡት። 30 ኪሎ ለአንድ ሰው ይበዛል ብለው ካመኑ ሁለት ሁኑ፤ በየፈረቃው በተደጋጋሚ የሚነሣ ክብደት ነው።

6. አዲሱን ሲሊንደር ከመጫንዎ በፊት ይመርምሩ፦ የተሰረጎደ ቦታ፣ ጥልቅ ጭረት፣ ዝገት፣ የተጣመመ አንገት፣ የተሰበረ መለኪያ። በአንገቱ ላይ የተቀረጸውን የፍተሻ ቀንም ያንብቡ። ጊዜው ያለፈበትን ወይም የተጎዳውን ለይተው ያስቀምጡ፤ ቀለም መቀባት ሲሊንደርን አያድንም።

7. ማገናኛውን ይመልከቱ። በውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት ከተሰነጠቀ፣ ከጠፋ ወይም ከጠነከረ ይቀይሩት። ከአብዛኛው የማገናኛ ፍሳሽ ጀርባ ያለው ይህች ትንሽ ጎማ ናት።

8. ሲሊንደሩን ሲያስተኙ በመቀመጫው ላይ ያለው የብረት ጣት በአንገቱ ቀዳዳ ውስጥ መግባት አለበት። ጣቱ የተተከለው ሲሊንደሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲተኛ ነው። ሲገባ ፈሳሽ ሳቢው ቱቦ ወደ ታች፣ መተንፈሻው ቫልቭ ወደ ላይ ይሆናል። ተገልብጦ ከተቀመጠ ሞተሩ በፈሳሽ ፋንታ ትነት ይስባል፤ የበለጠ አደገኛው ደግሞ መተንፈሻ ቫልቩ ቢከፈት የሚወጣው ጋዝ ሳይሆን ፈሳሽ መሆኑ ነው። አንድ መጠን ፈሳሽ ሲተን ወደ 270 እጥፍ መጠን ያለው ጋዝ ይሆናል።

9. ማሰሪያዎቹን ያጥብቁ። ሲሊንደሩ በእጅ ሲገፋ ምንም መላወስ የለበትም፤ የላላ ሲሊንደር ቱቦውን እየጎተተ ያደክመዋል።

10. ማገናኛውን ቀጥ አድርገው በእጅ ብቻ ያጥብቁ። ክሩ በተንጋደደ አቅጣጫ ከገባ ወዲያው ይፍቱና እንደገና ይጀምሩ። በመፍቻ ማጥበቅ ቀለበቱን ይጨፈልቀዋል፤ ሳያውቁት ፍሳሹን ራስዎ ይፈጥራሉ።

11. ቫልቩን በጣም ቀስ ብለው ይክፈቱ። ከሁሉም እርምጃ የሚረሳው ይህ ነው፣ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። በድንገት ሲከፈት ፈሳሹ ወደ ባዶው ቱቦ ሲሮጥ መከላከያ ቫልቩ «ቱቦ ተበጥሷል» ብሎ ይዘጋል። ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ ሞተሩ የሚጠፋው ለዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቫልቩን ይዝጉ፣ ጥቂት ሰከንዶች ይጠብቁ፣ በሁለቱም በኩል ያለው ግፊት ሲመጣጠን መከላከያው ራሱ ይመለሳል፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይክፈቱ።

12. ከማስነሣትዎ በፊት ክፍል 4ን ይሥሩ።

ክፍል 4፦ የፍሳሽ ምርመራ

ቫልቩ ክፍት፣ ሞተሩ የጠፋ ሆኖ የሳሙናውን ውሃ በማገናኛው፣ በቫልቩ ግንድ ዙሪያ፣ በቱቦው በሁለቱም ጫፍና እስከ መዝጊያ ቫልቩ ድረስ ይርጩ። እስከ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። አረፋ እየተነፋ ካዩ ፍሳሽ አለ። ትንሿ ፍሳሽ አረፋዋን ቀስ ብላ ስለምትነፋ ጥድፊያ አያሳዩዋትም።

ፍሳሹን በክብሪት ወይም በላይተር የሚፈልግ ሰው ካዩ ያስቁሙት። የሚናገረው «ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምሠራው» ከሆነ ይበልጥ ያስቁሙት።

ሽታ ከታየና ምንጩ ካልተገኘ፦ ቫልቩን ይዝጉ፣ ፎርክሊፍቱን አያስነሡ፣ በአካባቢው መብራት አያብሩ አያጥፉም፣ ሰው ያርቁ፣ ደጅ ወጥተው ኃላፊና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ይጥሩ። በአሜሪካ ስልኩ 911 ነው። ጋዙ ከተቀጣጠለ ቫልቩን በደኅና መዝጋት እስካልቻሉ ድረስ እሳቱን ለማጥፋት አይሞክሩ፤ እሳቱ ጠፍቶ ጋዙ መፍሰሱን ከቀጠለ ተጠራቅሞ ሁለተኛ ሲቀጣጠል ፍንዳታ ይሆናል።

ክፍል 5፦ አመዳዩን ማንበብ

ፕሮፔን ግፊቱ በወረደበት ቦታ ይተናል፣ በተነነበት ቦታ ይቀዘቅዛል፣ በቀዘቀዘበት ቦታ አመዳይ ይሠራል። ስለዚህ ነጭ አመዳይ ከየት እንደሚጀምር ካዩ ብልሽቱ የት እንዳለ አወቁ ማለት ነው። ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፤ ዓይንና ጥንቃቄ ይበቃል። ነገር ግን ባዶ እጅዎን አመዳዩ ላይ አያሳርፉ።

አመዳዩ በሬጉሌተሩ ላይ ከሆነ፦ የትነቱ ቦታ ትክክል ነው፣ የጎደለው ሙቀት ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ከባድ ጭነት ከተነሣ ይህ ሊከሰት ይችላል፤ በሚኒሶታ ወይም በኮሎራዶ ክረምት፣ ማሽኑ ደጅ አድሮ ከሆነ የተለመደ ነው። ሞተሩን ያጥፉ፣ አመዳዩ በራሱ እስኪቀልጥ ይጠብቁ፣ ከዚያ አስነሥተው ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ያለ ጭነት ያሠሩት። ሞተሩ ሞቆም አመዳዩ ከተመለሰ ወደ ሬጉሌተሩ የሚገቡትን ሁለት የውሃ ቱቦዎች ከውጭ በጓንት ይንኩ። ሁለቱም ቀዝቃዛ ከሆኑ የራዲያተሩ ውሃ ጎድሏል፣ ወይም አየር ይዟል፣ ወይም ሙቀት መቆጣጠሪያው (ቴርሞስታቱ) ክፍት ሆኖ ቀርቷል። አንዱ ሞቃት ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል። የሞቀ ራዲያተር ክዳን አይክፈቱ፤ ማሽኑ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግድ ነው። ችቦ ወይም የእሳት ማሞቂያ ወደ ሬጉሌተሩ ማስጠጋት ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

አመዳዩ በፊልትሮው ወይም በመዝጊያ ቫልቩ ላይ ከሆነ፦ ፊልትሮው ስለደፈነ ወይም መዝጊያው በሙሉ ስላልተከፈተ ፈሳሹ በጠበበው ቦታ እያለፈ ግፊቱ ቀድሞ ይወርዳል። ወደ ሬጉሌተሩ የሚደርሰው ግማሽ ፈሳሽ ግማሽ ትነት ስለሆነ ሞተሩ ያለ ጭነት ይሠራል፣ ጭነት ሲነሣ ይጠፋል። ይህ የመካኒክ ሥራ ነው፤ «ፊልትሮው ላይ አመዳይ አለ» ብለው ከነገሩት ግማሹን ሥራ ጨርሰውለታል።

አመዳዩ በሲሊንደሩ አካል ላይ ከሆነ፦ ሲሊንደሩ ከፈሳሽ ይልቅ ትነት እየሰጠ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የብረቱ ጣት ቀዳዳው ውስጥ አልገባም። ሲሊንደሩን ከክፍል 3 ጀምሮ እንደገና ያስተኙት።

አመዳዩ በማገናኛው ላይ ከሆነ፦ ፍሳሽ ነው ብለው ይጀምሩ፣ ቫልቩን ዘግተው ጎማውን ይመልከቱ።

አመዳይ ምንም ከሌለና ሞተሩ ካልተነሣ፦ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ቫልቩ ክፍት ነው? ሲሊንደሩ ላይ ያለው መለኪያ ፈሳሽ ያሳያል? (ተንሳፋፊው መለኪያ በትክክል የሚያሳየው ሲሊንደሩ በቦታው ተኝቶ ሳለ ብቻ ነው።) መከላከያ ቫልቩ ተዘግቶ ይሆን? እነዚህ ትክክል ከሆኑ ባትሪው ሞተሪኖውን በበቂ ፍጥነት ያዞራል? የመሳብ ኃይል በሚከፍተው መዝጊያ ላይ ሞተሩ በዝግታ ከዞረ ጋዝ አይመጣም፤ ብዙ ሰው ጋዙን ሲወነጅል ጥፋተኛው ደካማ ባትሪ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ፊውዝና ካንዴላ ይመጣሉ። ሞተሪኖውን ያለማቋረጥ አያሠቃዩት፤ ጥቂት ሰከንድ ሞክረው ያሳርፉት። በአንዳንድ ሬጉሌተሮች ላይ ያለውን የማስጀመሪያ አዝራር ደጋግሞ መጫንም ሞተሩን በነዳጅ ያፍናል።

ክፍል 6፦ ለመካኒክ

ከማንኛውም ሥራ በፊት ቫልቩ ተዘግቶ፣ መስመሩ ባዶ እስኪሆን ሞተሩ ሠርቶ፣ የባትሪው ገመድ ተነቅሎ መሆን አለበት። የጊዜ ርቀቱን በተመለከተ የአምራቹን መጽሐፍ ይከተሉ።

1. ጥቁሩን ዝቃጭ ማውጣት። በነዳጁ ውስጥ ያሉ ከባድ ዘይታማ ነገሮች ስለማይተኑ በሬጉሌተሩ ታችኛው ክፍል ይጠራቀማሉ። ማፍሰሻ ብሎን ካለው ሞተሩ ሞቅ ካለ በኋላ አጥፍተው ይፍቱት፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ሬንጅ ስለሚወፍር አይወርድም። ዝቃጩ የጎማ ሽፋኖቹን ስለሚያጠነክር ቀስ በቀስ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

2. ፊልትሮ መቀየር። የአየር ፊልትሮውም ሲደፍን ድብልቁ በጋዝ ይበዛና የሚወጣው መርዛማ ጭስ ይጨምራል፤ ሁለቱን አብረው ይዩ።

3. ካንዴላና የኮይል ገመዶች። የፕሮፔንና የአየር ድብልቅ ለማቀጣጠል ከቤንዚን ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይጠይቃል። ቤንዚን ላይ የሚሸከም ያረጀ ገመድ ፕሮፔን ላይ ይተኩሳል፤ ወደ ኋላ የሚተኩስ ሞተር ደግሞ ማደባለቂያውንና የአየር ፊልትሮውን ይሰብራል። የካንዴላው ክፍተት በአምራቹ ለፕሮፔን በተሰጠው ልክ ይሁን።

4. ቱቦዎችና ክሮች። የሚገጠመው ቱቦ ለኤልፒጂ (እንደ ፕሮፔን ታምቆ ፈሳሽ ለሚሆን የነዳጅ ጋዝ) የተፈቀደ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ያለበት ብቻ ነው። የተራ የነዳጅ ጎማ የፕሮፔንን ፈሳሽ አይችልም። ክር የሚታሸግበትም ማሸጊያ ለኤልፒጂ የተሠራ መሆን አለበት።

5. ጭሱን በመለኪያ ማስተካከል። ድብልቁን በጆሮ ማስተካከል አይቻልም። ሞተሩ በጋዝ በዝቶ ሲሠራ በጥሩ ሁኔታ ያለ ይመስላል፤ ሆኖም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። መለኪያ ሳይይዙ ብሎኑን አይንኩ። በኮምፒውተር የሚመራ ሞተር ከሆነ ደግሞ ብሎን ከማዞር በፊት የብልሽት ኮዱን ማንበብ ያስፈልጋል።

የተለመዱ ስሕተቶች

- ፈረቃ ሲያልቅ ቁልፉን ብቻ አጥፍቶ መሄድ። ቫልቩ ተዘግቶ፣ የቱቦው ነዳጅ ተቃጥሎ ሞተሩ በራሱ መጥፋት አለበት። መዝጊያ ቫልቩ ሌሊቱን ሙሉ ጠብታ ጠብታ ቢያሳልፍ በተዘጋ መጋዘን ውስጥ የሚጠራቀመው ከባድ ጋዝ ወለሉን ይዞ ይቆያል።
- ጭነት ከፍ አድርጎ ሳለ ሲሊንደሩ እንዲያልቅ መተው። ግፊቱ እስከ መጨረሻው ጠብታ ስለማይወርድ ማስጠንቀቂያ መብራቱ ከበራ በኋላ የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው። መብራቱ ሲበራ የያዙትን አውርደው ወደ መቀየሪያው ይሂዱ።
- ባዶ የተባለውን ሲሊንደር ቫልቩን ሳይዘጉ መጣል። «ባዶ» ሲሊንደር ውስጥ ሁልጊዜ ትነት ይቀራል።
- ሲሊንደሮችን በመውጫ በር፣ በደረጃ ሥር ወይም በማሞቂያ አጠገብ መደርደር። ቦታቸው ደጅ፣ አየር የሚያገኝ፣ የተቆለፈና ተሽከርካሪ የማይገጭበት የብረት አጥር ነው።
- ሲሊንደሩን በራስ እጅ ሞልቶ ከ80 በመቶ ማሳለፍ። በማግስቱ ፀሐይ ሲያገኘው መተንፈሻ ቫልቩ ይከፈታል።
- ራስ ምታትን በድካም ማሳበብ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በፈረቃ መካከል ራስዎን የሚያምዎት፣ የሚያዞርዎት ወይም የሚያቅለሸልሽዎት ከሆነና ከእርስዎ ጋር የሚሠራው ሰውም ተመሳሳይ ነገር ካለ፣ ማሽኑን አጥፍተው ሁላችሁም ወደ ንጹሕ አየር ውጡ፤ የተሰማችሁን ለኃላፊ ንገሩ፣ ሕክምናም ጠይቁ። በኦሻ ደንብ የካርቦን ሞኖክሳይድ የ8 ሰዓት አማካይ ወሰን ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 50 ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያ ፎርክሊፍት ጭሱ በመለኪያ ታይቶ እስኪስተካከል ድረስ ወደ ሥራ አይመለስም፤ ቁልፉ ላይ «አይነዳ» የሚል ወረቀት ይታሰርበት።